የቀይዋ ቦቃ ባለቤት

ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ዛሬ ነርስ፣ ነጋዴ፣ ዳኛ፣ የባጃጅ ሹፌር ሆነዋል። ወልቂጤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ቶሎ ብዬ በአማርኛ እመልሳለሁ። እንዳይፈትኑኝ ነው። ካስተማርኳቸው ቃላት ሁሉ ግን በስተርጅና ፈትኖ የጣለኝ «ኦውን» የሚባለው ነው። በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ እጽፈውና «የእኔ ነው ማለት፤ ባለንብረት መሆን» ብዬ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አሠርቼ፣ ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር።

የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የሰጠኝ ከቸሃ፣ ከጉራጌ ገጠር፣ የመጣ አንድ ልጅ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ስለ አንድ ገበሬና ስለ አሥር ላሞቹ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጁን አስነሥቼ አባቱ ስንት ላም እንዳላቸው ጠየቅሁት። ወለሉን አየ። እንግሊዝኛው አልገባውም ብዬ በአማርኛ ደገምኩለት። ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። በእረፍት ሰዓት የአገሩ ተወላጅ የሆነ የሂሳብ መምህር ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ እዚህ አገር ሰው የላሙ ቁጥር እንደማይጠየቅ ነገረኝ። ቤቱ የቆመችው ላም የሱ ላትሆን ትችላለች፤ የሱ ላም ደግሞ ከሦስት ወንዝ ማዶ ሌላ ሰው ቤት ልትሆን ትችላለች።

ርቢ ይሉታል። ላም ያለው ሰው ላሙን ሌላ ቤት ያስገባል። ወተቱና ፍጉ የጠባቂው ነው፤ ጥጃው አንዱ ለባለላሙ፣ ቀጣዩ ለጠባቂው፣ በተራ ነው። ፍጉን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ሰው እንሰት ተክሎ አያውቅም። እንሰት ፍግ ካጣ ደመወዝ እንደዘገየበት መምህር ይኮሰምናል። የርቢ ዋናው ነገር ግን ዝምታው ነው። ያስገባው ሰው አይናገርም፤ የተቀበለውም አይናገርም። ያኛው ሀብቱ ከዓይን ይጠበቅለታል፤ ይሄኛው ጋጣው ሙሉ ሆኖ ሰው ፊት ይቆማል።

እኔ የተወለድኩት ጎጃም ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ፍየል የገዛ ሰው እስከ ሦስተኛው ቀበሌ ድረስ ያወራላታል። ስለዚህ ይሄን ወግ ስሰማ ገረመኝ፤ ቆይቶም ወደድኩት። ወድጄው ብቀር ደግ ነበር። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ሞከርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። የምቀመጥበት ወንበር ትምህርት ቤቱ ሲያስወግድ በነጻ የሰጠኝ ነው። ከጥርሶቼም ሁለቱ ሐኪሙ የሠራቸው ናቸው። በዚህች ምድር ላይ የእኔ የምለው አንድ ነፍስ ያለው ነገር እንዲኖረኝ ተመኘሁ። ሚስቴ አለች እንዳልል፣ የጉራጌ ልጅ ናት፤ የማን እንደሆንን የምትወስነው እሷ ናት። በዚያን ጊዜ ሚስቴ የማታውቀው እቁብ ነበረችኝ። ወጣልኝ። ሚስቴ ኮርኒስ እንዲሠራ ለዓመታት ስትለምነኝ እንደኖረች እያወቅሁ፣ ላም ልገዛ ወሰንኩ። ኮርኒስማ አይታለብም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የርቢ ላም ወተት የጠባቂው መሆኑን የዚያን ጊዜ ረስቼዋለሁ።

ጠባቂ አድርጌ የመረጥኩት ቆጮ ይዞ ወልቂጤ ገበያ ሲመጣ የተዋወቅሁትን የቸሃ ገበሬ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር። ሐሳቤን ስነግረው ለረጅም ጊዜ አየኝና፣ በዚሁ ሳምንት እንግዛ አለ። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ አላባራም፤ እኔ እስከ ጥቅምት ልንቆይ አሰብኩ። እሱ ግን ከመስቀል በፊት መሆን አለበት አለ። ለገበያም ቅርብ ያለውን ሁሉ ትቶ በቡታጅራ በኩል እንሴኖ ድረስ እንሂድ አለኝ። እኔ የሚስቴ ዘመዶች እንዳያዩኝ ለእኔ ብሎ የተጨነቀ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

እንሴኖ ገበያ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ትልቅ ጡት ያላት አንዲት ጥቁር ላም አየሁና እጄን ዘረጋሁ። አይ አለ። ሌላ አሳየሁት፤ አይ አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከብቱን ሁሉ አለፈና፣ አንዲት ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ቦቃ የምንላት ዓይነት፣ እርጉዝ ጊደር ፊት ቆመ። ፊቷን ወደ ግራ አዞረው፤ ወደ ቀኝ አዞረው። ነጯን ምልክት በጣቱ ለካ። ጡቷን ለማየት ጎንበስ እንኳ አላለም። ይሄኔ እኔ፣ ከብት የማያውቀው መምህር፣ ለካ የወተት ምልክት ግንባር ላይ ነው ያለው ብዬ አንድ አዲስ ዕውቀት መዘገብኩ። ሻጩ የመስቃን ሽማግሌ ነበሩ። «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» ብለው ገመዱን በእጄ አስያዙኝ። እኔም ወዲያው ለጠባቂዬ አቀበልኩት። ላሜን በእጄ የያዝኳት ለዚያች ለአፍታ ብቻ ነው።

ስድስት ዓመት አለፈ። በየሁለት ሦስት ወሩ ለሚስቴ የድሮ ተማሪ ልጠይቅ ብዬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ላሜን ለማየት እሄድ ነበር። የጠባቂዬ ሚስት አይብ በጎመን ታቀርብልኛለች፤ ወተት ትቀዳልኛለች። እኔም የገዛ ላሜን ወተት ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። የመጀመሪያው ጥጃ የእኔ ተራ ነበር፤ ሞተ። ሁለተኛው የእነሱ ተራ ነበር፤ እንደ በሬ ሆኖ አደገ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ ከብቱን ይዞ ጀፎረው ላይ ወጥቷል። ጀፎረ በጎጆዎቹ መሐል የሚያልፈው ሰፊው የሣር መንገድ ነው፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከብት ይከትባል፤ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያለባት ቢጫ ፕላስቲክ ያንጠለጥላል። ቅጹ የሆነ ፕሮጀክት ያመጣው ነው፤ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። ልጁ እጁ በመድኃኒት ስለተያዘ፣ አንዱ ሰፈርተኛ መምህር መሆኔን ሲነግረው፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይጻፉልኝ» አለኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ልመና እምቢ ማለት አልችልም። የሃያ ሰው ቅጽ በሚያምር ጽሕፈቴ ሞላሁ። ቀይዋ ቦቃ ደረሰች።

«ኦውነር» ይላል መስመሩ። ባለቤት። አንድ መስመር ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ጠባቂዬ አጠገቤ ቆሟል፤ እኔን ሳይሆን የላሟን ቀንድ ነው የሚያየው። ከኋላው ጎረቤቶቹ ተሰልፈዋል፤ ማንበብ የሚችሉ ልጆቻቸውም ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥለዋል። የእኔን ስም ብጽፍ ሰፈሩ በሙሉ ጋጣው ባዶ መሆኑን ያውቃል። የሱን ስም ከነአባቱ ስም ጻፍኩ። ክርኔን ያዝ አድርጎ ጨመቀኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ከእኔ የሚበልጥ ጨዋ ሰው ወልቂጤ ውስጥ አልነበረም። ከእኔ በላይ የአገሩን ወግ የሚያውቅ እንግዳም አልነበረም። ይሄን የምለው አሁን አፍሬ ነው።

ያለፈው ዓመት ጠባቂዬ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሥርዓተ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሚስቴን አልወሰድኳትም። ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይመችም አልኳት።

ከቀብሩ ወር ተኩል ቢሆን ነው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት በራችን ላይ ቆመች። የጠባቂዬ ሚስት ናት። ሚስቴ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥብ ነበር፤ ሐዘንተኛ ስታይ ተነሥታ አቅፋ አስገባቻት። እኔ የድሮ ተማሪ እናት ናት ብዬ አስተዋወቅሁ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። ሚስቴ ምግብ ካልቀመሰች አትሄድም አለች። ሦስታችን ተቀመጥን። ሴትዮዋ ለመናገር አፏን በከፈተች ቁጥር እኔ ስለ ዝናቡ አወራለሁ። ዘንድሮ በልጉ እንዴት እንደዘገየ፣ አምና እንዴት እንደፈጠነ፣ ካቻምና እንዴት እንደነበረ። ሚስቴ በሕይወቷ ስለ አየር ጠባይ ይሄን ያህል ስናገር ሰምታኝ አታውቅም። ትሪውን ስታነሣ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

ልሸኛት ስወጣ፣ ሴትዮዋ መናኸሪያ እስክንደርስ ጠብቃ ነገሩን አወጣችው። ባሏ ታላቅ ወንድም አለው፤ አዲስ አበባ የሚነግድ። ለመስቀል ብቻ ነው የሚመጣው። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ቀይ ቦቃ ጊደር ገዝቶ ወንድሙ ጋጣ አስገብቷል፤ ጥጃውም ወተቱም ለልጆችህ ይሁን፣ እሷ ግን የእኔ ናት ብሎ። አሁን ወንድሙ ሲሞት መጥቶ፣ ቤቱ ወንድ የለውም፣ ላሜን ወስጄ ታናሽ ወንድማችን ጋ አስገባለሁ ብሏል። ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀምጦ ገመዷ ይፈታል።

ቀይ ቦቃ፣ አልኩ በልቤ።

ቀሪውን ስትነግረኝ ዓይኖቿን መሬት ላይ ተክላ ነበር። የዚያን ዓመት ትንሿ ልጃቸው ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱም ጠምሞ ገጠመ። ባልየው የወንድሙን ጊደር ለማንም ሳይናገር ሸጦ ልጅቱን አሳከመ። መስቀል ሲቃረብ እንቅልፍ አጣ። በዚያው ሰሞን ነው እኔ፣ ላም እንግዛ ብዬ፣ በራሴ እግር ሄጄ እጁ የገባሁት።

ነሐሴ፤ እንሴኖ፤ ግንባሯን በጣቱ የለካው። ሰውዬው የወተት ምልክት አልነበረም የፈለገው፤ የጠፋችውን ጊደር መልክ ነበር።

መናደድ ይገባኝ ነበር መሰለኝ። ጊዜ አልነበረኝም፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው። ሴትዮዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«መምህር፣ ላሟ ከሄደች ፍግ የለም። ፍግ ከሌለ እንሰቱ ይሞታል፤ ያን ጊዜ እኔና ልጆቼ እዚያ ቤት ምን ይዘን እንቀመጣለን? ግን የሱን ስም አያንሡብኝ። አፈሩ ገና አልደረቀም።»

ላሟን አድናት፤ ሟቹን አታጋልጥ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደማደርግ አልነገረችኝም። ሄደች።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላቴን አወረድኩ። ሽፋኑ የወለቀ፣ ከእኔ ጋር ያረጀ ነው። ሰው ሲጨነቅ ዳዊት ይደግማል፤ እኔ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ፤ ያው የሙያ ነገር ነው። ኦውን፦ ንብረቱ ማድረግ። ሁለተኛ፦ የራስ፣ የገዛ። የገዛ ልጅ፣ የገዛ እጅ። ከታች በደቃቁ ደግሞ አንድ አለ፦ ማመን፣ ያደረጉትን ነገር አዎ እኔ ነኝ ብሎ መቀበል። ሠላሳ አራት ዓመት ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ዘልያት ኖሬአለሁ። ፈተና ላይ አትመጣም ብዬ።

ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ስንት ንግግር አዘጋጀሁ መሰላችሁ። ላሟ የእኔ ናት ብዬ ብነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ታዲያ ለምን በሱ ስም ጻፍክ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የወንድምየው ጊደር የት ገባች ይሆናል። ለሁለተኛው ውሸት አዘጋጀሁ፤ አባ ሰንጋ ገደላት፣ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ እላለሁ። ለመጀመሪያው ግን ከእውነቱ የተሻለ ውሸት አጣሁ፤ እውነቱ ደግሞ ሚስቴ እስካልሰማች ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በጸጥታ ጫማዬን ሳስር ሚስቴ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሐዘንተኛዋ ቤቴ ድረስ መጥታ ሳለ እኔ ለቅሶ አለመድረሴ ነውር ነው አለች። ስለ መንገዱ ተናገርኩ፤ ስለ ጉልበቷ ተናገርኩ። ስለ ዝናቡ ልጀምር ስል አስቀደመችኝ።

«ዝናቡንስ መንገድ ላይ ትነግረኛለህ» አለች።

ሰው ዝግባው ሥር ጀፎረው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ፣ ወንዶቹ ሣሩ ላይ፣ ሴቶቹ በአጥሩ በኩል። ሚስቴ ሄዳ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇን ይዛላት። ላሟ በራፉ ላይ ታስራለች፤ ቢጫ ቁጥሯን ታወዛውዛለች። ታላቅ ወንድምየው ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በትሕትና ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ወንድሙን አመሰገነ፤ ላሟን በአደራ ስድስት ሰባት ዓመት አሳምሮ እንደያዘለት ተናገረ፤ ለልጆቹ የሚቻለውን እንደማያጓድል ማለ። አደራው ግን ባለአደራው ሲሞት ይመለሳል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታናሽ ወንድምየው ወደ ገመዱ ለመሄድ ብድግ አለ።

የሴትዮዋን ዓይን አየሁ። ቆምኩ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ብዙ ሰው ሰማው።

«ላሟ የእኔ ናት» አልኩ።

ታላቅ ወንድምየው ፈገግ አለ፤ የከተማ ሰው ቀልድ መስሎታል። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ለትልቁ ሽማግሌ ሰጠ። የክትባቱ ቅጽ ግልባጭ ነው። ሽማግሌው ማንበብ የሚችል አስጠሩ፤ የጆሮዋ ቁጥር ተነበበ፤ የባለቤቱ ስም ተነበበ። የሟቹ። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ክፉው ነገር፣ ጽሕፈቴን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ግማሹን አስተምሬዋለሁ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ በቀስታ አጠፉት።

«እንግዲህ መምህር፣ ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

 ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ስጠይቅ ኖሬ፣ ሲጠይቁኝ እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። አንገቴ ሳይታዘዘኝ ወደ አጥሩ ዞረ። ሚስቴ እያየችኝ ነው።

ያኔ ነው አልኩ። ከስድስት ዓመት በፊት እንሴኖ ገበያ ላይ እንደገዛኋት፣ ርቢ እንዳስገባኋት ተናገርኩ። ለምን በሌላ ሰው ስም ተጻፈች ሲሉኝ፣ ሟቹ ምስጢር ጠባቂ ሰው ስለሆነ የእኔን ነውር ደበቀልኝ አልኩ። ምን ነውር አሉ። ሽማግሌ ከያዘ አይለቅም።

«ከሚስቴ ደብቄ ነው የገዛኋት። ኮርኒስ ጠይቃኝ ነበር።»

ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሚስቴ ዞረ። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣችና መልሳ አጣፋችው። ከዚያ ይልቅ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው ተመካከሩ። ትልቁ፣ ሰው በሚስቱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር በውሸት አያወጣም አሉ። ልቤ ትንሽ መለስ ማለት ሲጀምር ታላቅ ወንድምየው ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ይቺ የርስዎ ከሆነች፣ መምህር፣ የእኔዋስ የት ገባች?»

ይሄው መጣ። አባ ሰንጋዬን ላወጣ አፌን ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቃል ላይ ሳለሁ፣ የሟቹ ሚስት ከአጥሩ በኩል ተነሣች። እጇን ከሚስቴ እጅ አላቀቀችና ወደ መሐል መጣች።

«ይበቃዎታል መምህር፤ እርስዎ የራስዎን ተናግረዋል» አለች። ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ያንተዋ ያቻት።»

የጠቆመችው ላሟ አጠገብ የቆመችውን ልጇን ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ አንድ እጇን የላሟ ጀርባ ላይ አድርጋለች።

«እግሯ የተቃናው ባንተ ጊደር ነው። ያንን ዓመት ሸጣት። መስቀል ስትመጣ ሊነግርህ ነበር፤ አንተ ደግሞ ለጊደሬ ብለህ ጨው ተሸክመህ መጣህ። አፉ አልታዘዘውም።»

 ታላቅ ወንድምየው ላሟን አየ፤ ልጅቱን አየ። ሌባ የሚለው ቃል ከአፉ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሴትዮዋም እየጠበቀችው እንደቆመች ከትከሻዋ ያስታውቅ ነበር። እሱ ግን ልጅቱን ወደዚህ ነይ አላት። ከበራፉ እስከ ዝግባው ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ሣሩን እያቋረጠች መጣች፤ ሳታነክስ፣ ቀጥ ብላ፣ ሰው ስላያት ብቻ ትንሽ አፍራ። ፊቱ ስትደርስ ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ። ከነኮቱ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ነግሮኝ ቢሆን እኮ እሰጠው ነበር» አለ።

«እንደምትሰጠው ያውቅ ነበር» አለች። «አንተ ፊት ባዶ ጋጣ ይዞ መቆም ነው ያቃተው።»

ባርኔጣውን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ስድስት መስቀል ሙሉ» አለ፣ «የእርስዎን ላም ግንባር ሳክክ ኖሬአለሁ። ከመርካቶ ጨው ተሸክሜ።»

እኔም ከልምድ የተነሣ፣ ስለ ጨዉ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ትልቁ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ታየ። ከወንዶቹ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ታላቅ ወንድምየው አልሳቀም፤ ግን ለታናሽ ወንድሙ ተቀመጥ ብሎ በእጁ ምልክት አሳየው።

ላሟ ባለችበት ትቆይ ተባለ። ርቢው እንደ ድሮው ይቀጥል፤ ወተቱና ፍጉ የቤቱ፣ ጥጃው በተራ። ልዩነቱ አሁን ምስክር አለው፤ ሰፈሩ በሙሉ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ስትሰማ አላለቀሰችም። ሄዳ ገመዱን አየችው፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም እንዳያያት ዞር ብላ፣ ግንባሯን የላሟ አንገት ላይ አሳረፈች።

ሚስቴም ተነሥታ ወደ ላሟ ሄደች። ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። ጡቷን ጎንበስ ብላ አየች፤ ቀንዷን ነካች፤ ጆሮዋ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበች። ልብስ ልትገዛ እንደምታገላብጥ ዓይነት ነው። ከዚያ ከሐዘንተኛዋ ጋር ወደ ቤት ገቡ፤ ምን እንደተነጋገሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲወጡ ሚስቴ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቸሃን ጨረስን፤ ዝም። ጉብሬ ስንደርስ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተጋፍተው ገቡ፤ አንዱ ጭኔ ላይ ሊቀመጥ ትንሽ ቀረው። ያኔ ነው አፏን የከፈተችው።

«የስንት ጊዜ ወተቷን ጠጣህ?»

በሄድኩ ቁጥር፣ በእንግድነት እንደሆነ ነገርኳት። አመስግኜ እንደጠጣሁም ጨመርኩ፤ የሚያድነኝ መስሎኝ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረች። መስታወቱ ላይ ፊቷን አየሁት፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ከንዴት ይሁን ከሳቅ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

«ግማሿ የእኔ ናት» አለች።

የትኛው ግማሽ እንደሆነ ጠየቅኋት። የፊተኛው አለች፤ ግንባሯ ታምራለች። የኋላውን ሳስበው፣ ወተቱና ፍጉ የሴትዮዋ ነው። ቀጣዩ ጥጃ የእኔ ተራ ነበር፤ እሱ ኮርኒስ ነው ተባልኩ። ወልቂጤ እስክንገባ ድረስ አንድ አንዱን እየቆጠርኩ የእኔ የቀረውን ፈለግሁ። ከጆሮዋ የተንጠለጠለችው ቢጫ ፕላስቲክ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ቅጹ ላይ በራሴ እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ በሟቹ ስም የተጻፈች ናት።